በወንፈል የታጨደ ትምህርት

መሪጌታ ዘለቀ ጎዳና አንድን ተማሪ ከዳዊት ወደ ዜማ የሚያሻግሩት፣ ዳዊቱን ከመካከል ጀምረው ሲጠይቁት ሳይንተባተብ እስከ መጨረሻው ሲወጣው ብቻ ነበር። በሼህ ሐሰን ወርቄ ዙሪያ የሚሰበሰቡት ደረሶች ብዙ ቢሆኑም፣ ሼሁ «ይህ ልጅ ዐውቋል» ብለው አፋቸውን ሞልተው የመሰከሩለት ከእጅ ጣት አይበልጥም። የመንግሥት ትምህርት ቤት በወሎ ቦረና ምድር ሲከፈት የመጀመሪያውን ጠመኔ የጨበጡት መምህር ተሰማ እንግዳ ደግሞ ለሒሳብ መልስ ብቻ ማርክ ሰጥተው አያውቁም፤ ልጁ ከሰሌዳው ፊት ብቻውን ቆሞ መልሱ የመጣበትን መንገድ ከሥሩ እስከ ጫፉ ማስረዳት ነበረበት። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም፤ የሚያስተምሩትም ለየቅል ነበር። በአንድ ነገር ግን ቃል የተማማሉ ይመስሉ ነበር፤ ሰው ዐወቀ የሚባለው አጋዥ በሌለበት፣ ብቻውን ቆሞ ሙሉውን ሲያወጣው ነው።

መምህር ስማቸው ይመር የእነዚህ ሰዎች ቡቃያ ነበሩ። ከመሪጌታ ዘለቀ ዳዊት ደግመዋል፤ በመምህር ተሰማ ሰሌዳ ፊት ላብ አጥምቋቸዋል፤ ሼህ ሐሰን ደግሞ ጎረቤታቸው ስለነበሩ ለመምህራን ማሠልጠኛ ወደ ሐረር ሲሄዱ መርቀው ሸኝተዋቸዋል። ተመልሰውም በመካነ ሰላም አስተምረው፣ ርእሰ መምህር ሆነው፣ ጡረታ ወጡ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ተማሪ ሲያስነሡ የሚናገሩት አንድ ቃል ነበር፤ «ከሥሩ ጀምር»። ከዚህ የተነሣ ከተማው «መምህር ከሥሩ» ይላቸዋል። ፊት ለፊት የሚጠራቸው ባይኖርም እርሳቸውም ያውቁታል፤ ቅር ብሏቸውም አያውቅ። ወገባቸው እርጅና ሲመጣ እንኳ አልጎበጠም። ገበያ ሲወርዱ በከዘራ የሚራመዱ ሳይሆን ከዘራ ይዘው የሚራመዱ ሰው ነበሩ።

ከርእሰ መምህርነታቸው ዘመን የቀረላቸው አንድ ሀብት የመስመር ስልክ ነው። ሰው ሁሉ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲይዝ፣ የእርሳቸው ስልክ በእንግዳ መቀበያው ክፍል በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በባተ በሁለተኛው ወር ግን፣ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ያ የተረሳ ስልክ በመንደሩ ውስጥ ክብሩ ከፍ አለ። በመስመሩ ኢንተርኔት ይገባ ነበርና።

በዚያው ሰሞን የልጅ ልጃቸው በእውቀቱ ፊታቸው ቆመ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው፤ እናቱ፣ አልታየች የምትባለው ብቸኛ ልጃቸው፣ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ልጁ በደሴ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምሮ ቢመረቅም ሥራ አላገኘም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተመላልሶ ጫማው አልቋል።

«አባባ፣ አንድ ትምህርት ልመዘገብ ነው» አላቸው። «የኢንዱስትሪ አውቶሜሽን ይባላል። ማሽን ያለ ሰው እጅ ራሱን እንዲያንቀሳቅስ፣ ሲሳሳትም ራሱን እንዲያቆም የሚታዘዝበት ሙያ ነው። አብሮ አደጌ አሕመድኑር ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ሆኗል፤ ይህን ምስክር ወረቀት ከያዝህ አስገባሃለሁ ብሎኛል።»

«ትምህርት ቤቱ የት ነው?»

«የትም አይደለም። ኦንላይን ነው።»

«የትም ያልሆነ ቤት በር የለውም። ተማሪው በየት ይገባል?»

«በእርስዎ ስልክ መስመር።»

መምህሩ ፈገግ ለማለት ትንሽ ቀራቸው። «መምህሩስ ማን ይባላል? እርሱስ ከማን ተማረ?»

«ብዙ ናቸው፣ አባባ። በቪዲዮ ነው የሚያስተምሩት። ስማቸው ከታች ይጻፋል፣ እኔ ግን ልብ አላልኩትም።»

«የአስተማሪውን ስም ልብ ያላለ ተማሪ» አሉና ቀሪውን ዋጡት። መዋጣቸው ስለ አልታየች ነበር። የመመዝገቢያውን ክፍያ ጅዳ ሆና የምትልከው እርሷ ነች፤ የምታልመውም እርሷ ነች። ልጇ ሥራ ከያዘ ሻንጣዋን ዘግታ እንደምትመጣ በየሳምንቱ በስልክ ትናገራለች። ስለዚህ መምህር ስማቸው ዳንቴሉን ከስልኩ ላይ በገዛ እጃቸው አነሡት፤ አጣጥፈውም በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። በእውቀቱ በዚያው ዕለት ተመዘገበ።

ምዝገባው የአንድ ሰው ነበር፤ ወንበሩ ግን ሦስት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሙሐሲን የሚባል፣ በአጎቱ ሱቅ ስልክ የሚጠግን ወጣት መጣ፤ ኪሱ ሁልጊዜ በጥቃቅን ብሎኖች የተሞላ ነው። ከኋላው ኡምኩልሱም መጣች። ከበእውቀቱ ጋር አብራ የተመረቀች፣ ቃሏ ቁጥብ፣ ዐይኗ ግን የሚፈትሽ ልጅ ነች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ራሕማ ቅቤ ነግዳ ነው ያሳደገቻት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ መምህር።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ልጆቼ። ምን እግር ጣላችሁ?»

በእውቀቱ ቀድሞ መለሰ። «ወንፈል ገጥመን ነው። ሦስታችንም የምንከፍለው የለንም። መጀመሪያ በእኔ ስም እንማራለን። እኔ ኮምቦልቻ ስገባ ከደመወዜ ሙሐሲንን አስመዘግባለሁ፤ ቀጥሎ እርሷን። ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የእነርሱ።»

ያን ጊዜ ወቅቱ የአዝመራ ዋዜማ ነው። በወግዲ መንገድ ግራና ቀኝ ጤፉ እያጎነበሰ፣ ገበሬው ወንፈል እየገጠመ፣ ዛሬ ከአንዱ ማሳ ነገ ከሌላው ለማጨድ ይቀጣጠር ነበር። መምህሩ ቃሉን ወደዱት። ሥራ ፈትተው ግንብ ለግንብ ከሚውሉት መካከል ሦስት ልጆች የአባቶቻቸውን ሥርዐት አስታወሱ ብለው በልባቸው ኮሩ። ወንፈል ሲሉ አብሮ መማር መስሏቸው ነበር። ከሥሩ ሳይጠይቁ ያለፉት ነገር ቢኖር ይህ አንዱ ነው።

ክረምት የለመደው ብርድ በጋውንም አልለቀቀም፤ ጉሙ ከዐባይ ሸለቆ እየተነሣ ማለዳ ማለዳ መስኮቱን ያለብሰዋል። ሦስቱ በስልኩ ጎን ከተቀመጠው የበእውቀቱ ኮምፒውተር ፊት ይሰበሰባሉ። አንዳንድ ጊዜ በእውቀቱ ብቻውን ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ ሙሐሲን፤ አንዳንድ ጊዜ ኡምኩልሱም። መምህሩ በጎን ካለው ወንበራቸው ሆነው ያያሉ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ጠርሙስ የሚያጓጉዝ ቀበቶ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል።

አንድ ቀን ልጅቱ ብቻዋን ሳለች ቀረብ ብለው፣ «ይህ ቀይ ቁልፍ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የአደጋ ማቆሚያ ነው፣ መምህር።»

«ሲጫኑት ያቆማል ማለት ነው?»

«ሲጫኑትም ያቆማል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በዚህ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ያልፋል፤ ‹አለሁ፣ አለሁ› እያለ ማለት ነው። አይጥ ቢበጥሰው፣ ሰው ቢረሳው፣ ዝም ይላል። ማሽኑ ‹አለሁ› የሚለውን ድምፅ ካጣ አይነሣም። አንድ አደጋ ደርሷል ብሎ ነው የሚቆጥረው።»

«እንደ ቅሬ ዕድራችን ሰው ነዋ። ከለቅሶ የቀረ ሰው፣ ምን ነካው ተብሎ ይጠየቃል።»

«ልክ እንደዚያ ነው፣ መምህር» አለችና ሳቀች።

ይህች ልጅ ነገር ታስረዳለች ሲሉ አሰቡ። ለማንም ግን አልተናገሩም፤ ተማሪን በፊቱ ማመስገን ማበላሸት ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

በመጋቢት ወር መጨረሻ አልታየች ደወለች። ፊቷ በልጇ ተንቀሳቃሽ ስልክ መስታወት ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የምትለውን ቀልድ አልረሳችም፤ «አባዬ፣ አሁንም ከረባት እንዳሰሩ ነው የሚተኙ?»

«ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ ነው የሚባለው እዚህ፤ ለመድኩት። አባዬ፣ መንግሥታቸው ምሕረት አውጥቷል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለን ሰዎች ያለ ቅጣት፣ አሻራ ሳይዙብን እንድንወጣ። ጊዜው ሰኔ ላይ ያልቃል ይላሉ። ከዚያ በኋላ የተያዘ እስር ነው፤ ሁለተኛም ተመልሶ አይገባም።»

«እንግዲያው ነዪ።»

ከኋላዋ የሰው ቤት ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። «መጥቼ ምን እበላለሁ፣ አባዬ? በእርስዎ ጡረታ ሦስት ሰው? በእውቀቱ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ኮምቦልቻ ከገባ በማግሥቱ አውሮፕላን ላይ ነኝ። ካልገባ ግን ተደብቄም ቢሆን እዚሁ እሠራለሁ። ልጁን አይጨቅጭቁብኝ፤ ብቻ እንዲያልፍ ይርዱልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ መምህር ስማቸው ልጁን አስጠሩት። ሙሐሲንና ኡምኩልሱም በዚያው ክፍል ነበሩ።

«ፈተናው መቼ ነው?»

«በግንቦት መጨረሻ።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ ልፈትንህ። ሙያውን ባላውቀውም፣ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ዐውቃለሁ። ጠርሙሱ በቀበቶው ላይ መጣ። ከዚያ ምን ሆነ? ከሥሩ ጀምር።»

በእውቀቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠርሙሱ ሲመጣ ሴንሰር የሚባለው መሣሪያ ያየዋል። ሴንሰሩ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ ወደ መቆጣጠሪያው ይገባል፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ እኛ የጻፍነው ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ በመሰላል መልክ ነው የሚጻፈው...»

«ቆይ። ሴንሰሩ እንዴት ነው የሚያየው? ዐይን የለው።»

ልጁ ወደ ሙሐሲን ዞረ። «እሱ የሙሐሲን ነው።»

«ምን ማለት ነው የሙሐሲን?»

«የሴንሰሩን ክፍል የወሰደው ሙሐሲን ነው። እሱ አንብቦ፣ ፈተናውንም እሱ ነው የሠራው።»

«ቀይ ቁልፉስ? ማቆሚያው?»

«እሱ የኡምኩልሱም ነው። ሽቦውና ጥንቃቄው በሙሉ የእሷ ነው። የእኔ መሰላሉ ነው። መሰላሉን ይጠይቁኝ፤ ዐይኔን ጨፍኜ እነግርዎታለሁ።»

መምህር ስማቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ቀና ብለው ሲቆሙ ክፍሉ ጠበበ። «በአንድ ሰው ስም ተመዝግባችሁ፣ ትምህርቱን ለሦስት ቈረሳችሁት?»

«ወንፈል ነው፣ አባባ። ነግሬዎት ነበር እኮ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በፋብሪካም ቢሆን አንዱ ሽቦ ይዘረጋል፣ አንዱ ትእዛዝ ይጽፋል። ማን ነው ሁሉን የሚያውቅ?»

«የምስክር ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም ይጻፋል?»

ልጁ እስኪመልስ አልጠበቁም።

«ጤፍ በወንፈል ይታጨዳል፤ ምክንያቱም የሰው ማጭድ ያጨደውን ጤፍ ጎተራህ አይጠላውም። ዕውቀት ግን ያጨደው ሰው ጎተራ ነው የሚገባ። አንተ ከማሳህ ዳር ቆመህ የሰው ጀርባ ስታይ ከርመሃል።»

ሙሐሲን ጫማውን ያይ ነበር። ኡምኩልሱም ግን ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። «መምህር፣ ጥፋቱ የሁላችን ነው። ግን ጊዜ አለ። እኔ የእኔን ክፍል ከሥሩ ጀምሬ ላስተምረው፤ ሙሐሲንም የእሱን። በየማለዳው እንመጣለን። ያኔ ሙሉውን ብቻውን ያወጣዋል።»

ሐሳቡ የብልህ ሐሳብ ነበር። መምህሩም በጆሯቸው ሳይሆን በሙያቸው ሰሙት፤ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ትክክለኛ ነገር ሲነገር ያውቀዋል። መልስ ለመስጠት ግን ቸኰሉበት አይባልም፤ ዘገዩበት። በዘገዩበትም ቅጽበት በእውቀቱ ቀደማቸው። ደም ፊቱ ላይ ወጥቶ ነበር።

«አያስፈልግም። ኮሌጅ አብረን ነው የተመረቅነው፤ እጄን ይዘሽ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው? የቀረው ቀላሉ ነው። ራሴው አንብቤ እጨርሰዋለሁ። ብቻዬን አይደለም የሚሉት? ብቻዬን።»

ቃሉ የመምህሩን ቍጣ አበረደ። ያ ቀጥ ያለ አንገት፣ ያ «ብቻዬን» የሚል አፍ፣ የራሳቸው ነበር። «እንዳለው ይሁን» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ መስመሩ ለተመዘገበው ሰው ብቻ ነው። እናንተም ልጆቼ፣ ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አትምጡ።»

ኡምኩልሱም አንዴ ወደ በእውቀቱ፣ አንዴ ወደ መምህሩ ተመለከተች። «እሺ፣ መምህር» አለች። ሙሐሲን በር ላይ ሲደርስ፣ «መሰላሉን ይዘህ ቅር፤ የምትደገፍበት ግድግዳ ግን እኛ ጋ ነው ያለው» ብሎ ሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ተራራ ውኃ ወረደ። በእውቀቱ ማለዳ ይነሣል፤ ያነብባል፤ ቪዲዮውን እየመለሰ ያያል። መስመሩ አንዳንድ ቀን ይቋረጣል፤ መብራቱ ብዙ ቀን ይጠፋል። እንግሊዝኛው በሁለት ጓደኞቹ አፍ ሲመጣ የቀለለው ሁሉ ከመጽሐፍ ሲመጣ ድንጋይ ሆነበት። የሴንሰሩን ክፍል እየተንፏቀቀ ጨረሰው። ወደ ማቆሚያው ሲደርስ ግንቦት አጋምሶ ነበር። መምህሩ በየማታው፣ «እንዴት ነህ?» ይሉታል። እርሱም፣ «ደኅና ነኝ፤ እየገባኝ ነው» ይላቸዋል። አንድ ሁለት ጊዜ ኡምኩልሱምን ልጥራለት ወይ የሚል ሐሳብ መጥቶባቸው ከዘራቸውን አነሡ። የራሕማ ቤት ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። ግን አንዴ «አትምጡ» ያለ አፍ ተመልሶ «ኑ» ሊል፣ ያውም በልጆች ፊት? ከዘራውን መልሰው አስቀመጡት።

የፈተናው ቀን ዶፍ ይዞ መጣ። መምህር ስማቸው አውራ ዶሮውን ለጎረቤት አውሰው፣ ውሻውን ከጓሮ አስረው፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከረባት አሰሩ። በእርሳቸው ሥርዐት ልጅ ለመምህር የሚሰጠው በአሳዳጊው እጅ ነው፤ እርሳቸውም ለመሪጌታ ዘለቀ የተሰጡት እንዲሁ ነበር፤ አባታቸው ከደጁ ቆመው፣ «ሥጋው የእርስዎ፣ አጥንቱ የእኔ» ብለው። እነሆ ዛሬ አንድ ፈታኝ ከባሕር ማዶ ወደ ቤታቸው ሊገባ ነው፤ ሳይቀበሉት ሊቀሩ አይገባም።

በመስታወቱ ላይ መነጽር ያደረገ አንድ ጎልማሳ ብቅ ሲል፣ መምህሩ ከበእውቀቱ ጎን ቀርበው ጎንበስ ሳይሉ ሰላምታ ሰጡ። በዚያ በማሠልጠኛ በተማሩት፣ እያንዳንዱ ቃል ኮትና ከረባት የለበሰ በሚመስል እንግሊዝኛቸው፣ ስማቸውን ተናገሩ፤ ይህ ልጅ የልጃቸው ልጅ መሆኑን፣ ዛሬ ለእርሱ ማስረከባቸውን፣ ጨክኖ ግን በቅንነት እንዲፈትነው መለመናቸውን አስረዱ።

ሰውዬው ትንሽ ግራ ተጋባ። ከዚያ በትሕትና፣ ከተፈታኙ በቀር ማንም በክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር ጠየቀ። ካሜራውን በክፍሉ ዙሪያ አዙረው እንዲያሳዩትም አዘዘ።

«ውጡ ነው የሚለው፣ አባባ» አለ በእውቀቱ በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ወጡ። በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። የፈታኙን ድምፅ፣ የልጁን ድምፅ፣ አንዱንም ሊለዩት አልቻሉም። ከጊዜ በኋላ ዝናቡ አባራ። ያን ጊዜ የሰሙት ዝምታ ነበር። ልጁ አይናገርም። ፈታኙ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ደግሞ ዝምታ። መምህር ስማቸው በሰሌዳ ፊት የቆመ ልጅ ዝምታን ዓይነቱን ሁሉ ያውቁታል፤ የሚያስብ ልጅ ዝምታ አለ፤ የሚፈራ ልጅ ዝምታ አለ፤ መልስ የሌለው ልጅ ዝምታ አለ። ይህ ሦስተኛው ነበር።

በእውቀቱ ሲወጣ ፊቱን ከበረንዳው ወደ ግቢው አዞረ። «ወድቄያለሁ» አለ። «እንደገና መቀመጥ የሚቻለው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ለዚያም እንደ አዲስ መክፈል ነው።»

ማታ አልታየች ደወለች። ልጇ ስልኩን ለአያቱ ሰጥቶ ወጣ። መምህሩ ነገሩን ሳያስጌጡ ነገሯት። አላለቀሰችም። «እሺ፣ አባዬ» አለች። «እኔም አስቤው ነበር። እመቤቲቱ ሌላ ቤት አግኝተውልኛል፤ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ፈታሽ አይደርስበትም። ስልክ ግን አይፈቅዱም አሉ። ድምፄን ባይሰሙ አይጨነቁ።»

«እንዴት አልጨነቅም?»

«ዝም ካልኩ ደኅና ነኝ ማለት ነው፤ እንዲያ ብለው ያስቡ።»

የምሕረቱ ጊዜ ሲያልቅ የእርሷም ስልክ አብሮ ጠፋ። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ገባ። ከዐባይ በኩል የሚመጣው ጉም ቀን ሙሉ ከደጅ አይነሣም ነበር። ዳንቴሉ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አንድ ጧት ኡምኩልሱም ደጁን አንኳኳች። ከእናቷ ጋር ነበረች። ራሕማ ከበሩ ወዲህ አላለፈችም፤ ልጅቱ ግን ገብታ የመምህሩን ጉልበት ሳመች።

«ልሰናበትዎ ነው፣ መምህር። የደሴው አውቶቡስ ነገ ነው። ከዚያ በደላላ በኩል በጅቡቲ... ከሌሎች ልጆች ጋር።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው? አልታየች ወዳለችበት?»

«ካደረሰኝ። ሙሐሲንም ባጃጅ ይዟል፤ ደኅና ነው።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «እትዬ አልታየችን ካገኘኋት ድምፅዎን አደርስልዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

መምህር ስማቸው ምርቃት ያውቃሉ። ለስንት ተማሪ መርቀዋል። ያን ቀን ግን «መንገድሽን ያቅናልሽ» ካሉ በኋላ ምርቃቱን ሳይጨርሱት ቀሩ። ይህች ልጅ በዚህች ክፍል ውስጥ ቀይዋን ቁልፍ እያሳየች ያስረዳቻቸው ነገር ሁሉ ፊታቸው መጣ። ያን ዕውቀት ይዛ የምትሄደው የሰው ቤት ወለል ልትወለውል ነው። «አሚን» አለች እርሷ፣ ያላለቀውን ምርቃት እንዳለቀ አድርጋ። በእውቀቱ በጓሮ በኩል ስለነበረ አላገኛትም። ልጥራውም አላሉም፤ እርሷም አልጠየቀችም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ መምህሩ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ልጁ ከጓሮ መጣ። አልተቀመጠም። ከፊታቸው ቆመ፤ በሰሌዳ ፊት እንደሚቆም ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።

«ሄደች አሉኝ» አለ።

«ሄደች።»

ከዚያ ሳይጠይቁት ጀመረ፤ ከሥሩ። ጠርሙሱ በቀበቶው ላይ ሲመጣ ሴንሰሩ ብርሃን ልኮ ብርሃኑ ሲቋረጥበት እንዴት እንደሚያውቅ ተናገረ። ምልክቱ ወደ መቆጣጠሪያው እንዴት እንደሚገባ፣ የመሰላሉ ደረጃዎች አንድ በአንድ እንዴት እንደሚነበቡ፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ አስረዳ። ወደ ማቆሚያው ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። በዚያ ሽቦ ውስጥ ሁልጊዜ «አለሁ» የሚል ነገር እንደሚያልፍ፣ ያ ድምፅ ሲጠፋ ማሽኑ እንደማይነሣ ተናገረ። አንድም ቦታ አልተንተባተበም። መሪጌታ ዘለቀም ሆኑ መምህር ተሰማ ቢሰሙት ያሳልፉት ነበር።

«ፈተናው ያ ብቻ ነበር፣ አባባ። ቀበቶው አልነሣም አለ፤ ለምን አልተነሣም ብሎ ጠየቀኝ። የማቆሚያው ሽቦ ተበጥሶ ነበር። እኔ ግን የማውቀው መሰላሉን ስለሆነ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ መሰላሉ ላይ ስወጣና ስወርድ ዋልኩ። እሷ ብትሆን ገና ስታየው ትነግረው ነበር።»

መምህር ስማቸው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «አትምጡ» ያልኩት እኔ ነኝ የሚሉት ነበራቸው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ነበራቸው። ጀርባቸው ወንበሩን ሳይነካ፣ እንደ ወትሮው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ወደ ልጁ ተመለከቱ።

በእውቀቱ መልስ እስኪመጣ ጠበቀ። ባልመጣ ጊዜ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ላስተምርህ ስትለኝ እንቢ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ተሳስቼ ነበር።»